ክዳኑ ሳይነሣ

የሩቅ ማሳያ መነጽሬን ለሰው ባቀበልሁ ቁጥር ሳይጐድል የሚገጥመኝ አንድ ነገር አለ። ተቀባዩ፣ ሽማግሌም ይሁን ጐልማሳ፣ ዲግሪ የጫነም ይሁን ዳዊት ብቻ የደገመ፣ መነጽሩን በሁለት እጁ እንደ ጸበል ጻድቅ ተቀብሎ ወደ ዓይኑ ያስጠጋል፤ ባስጠጋም ጊዜ፣ መዘውሩን ሳይነካ፣ ወዴት እንደሚመለከትም ሳይወስን፣ «አቤት! ግሩም ነው!» ይላል። እኔም አድናቆቱ እስኪበርድለት ጥቂት እታገሥና፣ «ወንድሜ ሆይ፣ የፊቱ ክዳን እኮ አልተነሣም» እለዋለሁ።

አንድ ጊዜ ይህንኑ የነገርሁት አንድ የተከበረ ሰው ምንም ሳይደናገጥ መነጽሩን ከዓይኑ አውርዶ ክዳኑን ገልበጥ አድርጎ ካየ በኋላ፣ «እንዲያም ሆኖ ጥራቱ ያስታውቃል» ብሎ መለሰልኝ።

በዚህ ሰው አልተቀየምሁም። በእንግድነት በገባንበት ቤት ጨው የበዛበትን ወጥ «እጅሽ ይባረክ» እያልን የምንጐርስ፣ ሕመምተኛ ልንጠይቅ ሄደን መልኩ አመድ መስሎ ሳለ «ዛሬስ ፊትህ ወዝ አለው» የምንል፣ የጐረቤታችን ልጅ ክራር ሲያለማምድ ጆሯችን እየደማ «እግዜር ጣቱን ይባርክለት» ብለን የምንመርቅ ሰዎች፣ ነገሩ መነጽር ላይ ሲደርስ ብቻ እውነቱን ቁጭ እናድርግ ብንል ከተፈጥሯችን ጋር መጣላት ይሆናል። ዳሩ ግን ጨው የበዛበት ወጥ ቢበዛ የአንድ ምሳ መከራ ነው፤ መነጽር ግን ሰው የወር ደመወዙን፣ አንዳንድ ጊዜም የሦስት ወር ደመወዙን ከፍሎ በገዛ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ዕዳ ነውና፣ በእርሱ ላይ የሚነገር ውዳሴ ከንቱ ከወጡ ይልቅ ይመርራል።

እኛ አራት ወይም አምስት የምንሆን፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወፍ ለማየት ከከተማ የምንወጣ ሰዎች ነን። ወፍ በደንብ የሚታየው ማለዳ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን ከቅዳሴ በፊት ወደ ወፍ የሚኬድበትን ምክንያት ለሚስቱ ለማስረዳት የቻለ ሰው እስከ ዛሬ በመካከላችን አልተገኘም። አንዱን እሑድ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው የገፈርሳ ግድብ፣ አንዱን እሑድ ወደ ሱሉልታ ሜዳ፣ ሚስቶቻችን ዓሣ ያማራቸው ዕለት ደግሞ ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች እንሄዳለን።

በሱሉልታ ሜዳ መነጽር አንግቶ መቆም በራሱ አንድ ወግ ይወጣዋል። ገና ከመኪና ወርደን ዓይናችንን ወደ ሣሩ ስናነጣጥር ባላገሩ ከየአቅጣጫው ይሰበሰባል፤ አንድ ጊዜም አንድ ሽማግሌ ገበሬ ዱላቸውን ተደግፈው ብዙ ካዩን በኋላ ጠጋ ብለው፣ «ጌቶች፣ ለካሳው ነው የመጣችሁት?» ብለው ጠየቁን። መሬት ለመለካት አለመምጣታችንን፣ የምናየውም ወፍ ብቻ መሆኑን ማልን ተገዘትን። እርሳቸውም በትዝብት ተመልክተውን፣ «ወፍማ እኛም እናያለን፤ አንገታችን ላይ ብረት አላሰርንም እንጂ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከጓደኞቼ መካከል አንዱ ዕድሜውን ሙሉ በባንክ ቤት ገንዘብ ሲቆጥር የኖረ፣ እጅግ ጨዋ የሆነ ሰው ነው። የራሱ መነጽር የለውምና በእኔ መነጽር እያየ እርሱ ይቆጥራል፤ እኔ ደግሞ የእጅ ጽሕፈቴ ደኅና ነው ስለሚባል በማስታወሻ ደብተር እመዘግባለሁ። ታዲያ እኔ 7 ዝይ ባየሁበት ሜዳ እርሱ 14 ይላል፤ እኔ አንድ ንስር ባየሁበት ዛፍ ላይ እርሱ «ጥንድ ናቸው» ይለኛል። መጀመሪያ ትዳሩ የሰመረ ሰው ስለሆነ ፍጥረትን ሁሉ በጥንድ የሚያይ መሰለኝ። በኋላም ከእኔ በ15 ዓመት ስለሚያንስ ዓይኑ የተሳለ ይሆናል ብዬ፣ ደግሞም ገንዘብ ሲቆጥር የኖረን ሰው ቆጠራ አታውቅም ማለት ነውር ስለመሰለኝ፣ እንዳለኝ እየጻፍሁ ዝም አልሁ። ዝም ባለ አፍ ዝምብ አይገባም።

መነጽሬ 10 በ50 የሚሉት ዓይነት፣ በምሥራቅ ጀርመን በዬና ከተማ የካርል ዛይስ ሥራ ናት። በ1974 ዓ.ም. ኮንትራቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ መምህር ላይ ገዛኋት። አንድ ኪሎ ትጠጋለች፤ አንገቴም በእርሷ ምክንያት ወደ ፊት አዘንብሎ ቀርቷል፤ ባለቤቴ ግን ይህን እንደ ትሕትና ትቆጥርልኛለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ2000 ዓ.ም. ከደብረ ሊባኖስ ስንመለስ፣ የመኪናው በር ሲከፈት ከወንበር ላይ ተንሸራትታ ከድንጋይ ላይ ወደቀች። ወዲያው አንሥቼ ወደ ገደሉ አየሁባት፤ ምንም አልሆነችም፤ እኔም በጓደኞቼ ፊት ጮክ ብዬ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ።

መነጽር የሚለው ስም ነጸረ ከሚለው የግእዝ ግስ የመጣ ሲሆን፣ ነጸረ ማለትም አየ፣ ተመለከተ ማለት ነው። የመርካቶ መነጽር ነጋዴዎች ግን ይህን ግስ ሳይሆን በአንዲት ፊደል ብቻ የሚለየውን ጐረቤቱን የሚያውቁ ይመስላሉ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የተባለውም ስለ እኛ ሳይሆን አይቀርም።

በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አንድ የሒሳብ ሠራተኛ የሆነ ወጣት ማኅበራችንን ተቀላቀለ። በመጣ በሁለተኛው እሑድ አንገቱ ላይ የእኔን ሁለት እጥፍ የሚያህል፣ ፊቱ እንደ ሮማን ፍሬ ቀልቶ የሚያብለጨልጭ መነጽር አንጠልጥሎ ብቅ አለ። በጐኑ ላይ «ከ20 እስከ 180 ጊዜ በ100» የሚል በወርቅ ቀለም ተጽፎበታል። በ4,500 ብር ከመርካቶ መግዛቱን፣ ነጋዴውም «ይህ ሌሊት ያሳያል፣ በደመና ውስጥ ያሳያል፣ ፈጣሪ ከፈቀደ ጨረቃ ላይ የቆመ ሰው ያሳያል» እንዳለው በደስታ ነገረን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት ያን ዕለት ሊሻር ምንም አልቀረውም ነበር።

ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብሎ፣ «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይመልከቱልኝ፤ እንዴት ነው?» አለኝ።

መነጽር የገዛ ሰው «እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄ የጠየቀ ይመስላል እንጂ ቡራኬ መለመኑ ነው። ይህን የሚያውቁ ብልሆች መልሱን ከመስጠታቸው በፊት «ስንት ገዛኸው?» ይላሉ፤ ምክንያቱም የመነጽሩ ጥራት በዋጋው ስለሚወሰን ሳይሆን የውሸቱ መጠን በዋጋው ስለሚወሰን ነው። ብዙ ከፍሎ ከሆነ «ዕቃ ማለት ይህ ነው» ይባላል፤ ጥቂት ከፍሎ ከሆነ «ከሰማይ የወረደልህ ነው» ይባላል።

በማኅበራችን ውስጥ ደግሞ ቪየና የሚኖር ልጁ የላከለት የቲሮል ተራሮች ሥራ የሆነ ውድ መነጽር ያለው አንድ ሊቅ አለ፤ መነጽሩን እንደ ብራና መጽሐፍ በማኅደር ይዞ ይዞራል፣ ለማንም አያቀብልም፣ የሌላውን ግን በርኅራኄ ዓይቶ «ለዋጋው ጥሩ ነው» ይላል። በዚህች «ለዋጋው» በምትባል ቃል የተወጋ ሰው ቍስሉ ቶሎ አይሽርለትም። የእኔንም አንድ ቀን አይቶ «ለዕድሜዋ ጥሩ ናት» ብሏል፤ እኔ ግን እንደ ምስጋና ቆጥሬ ተቀብዬዋለሁ።

ሻምበል የምንለው ጡረተኛ ወታደር ደግሞ የእነዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። በውትድርና ዘመኑ ከለመደው ዓይነት ባለ 8 በ30 የሶቪየት መነጽር ሌላ መነጽር በዓለም ያለ አይመስለውም። እውነቱን ለመናገር የእርሱ ጠንካራ ዕቃ ነው፤ መስተዋቱ ግን ወደ ቢጫ የሚያደላ ስለሆነ ሜዳው ሁሉ በቅቤ የታሸ ይመስላል፤ በውስጡም ርቀት መለኪያ መስመሮች ስላሉበት ምስኪኗ ዝይ ሣሯን ስትግጥ ለተኩስ የተደገነባት ሆና ትታያለች። ሻምበል ስለማንኛውም መነጽር ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ጣለው» ይላል። ከዚህ የተነሣ ማንም አይጠይቀውም፤ እርሱም በመመሪያ የሰው መሣሪያ ስለማይነካ በሌላ ሰው መነጽር አይቶ አያውቅም።

ስለዚህ ፍርዱ በእኔ ላይ ወደቀ። እኔም ለወጣቱ ፍቅር ስላደረብኝ፣ ጥቂትም ዕውቀቴን ለማሳየት ስለፈለግሁ፣ እውነቱን ለመናገር ቈረጥሁ።

መጀመሪያ ከኪሴ ማስመሪያ አውጥቼ የፊቱን መስተዋት ለካሁት፤ 100 የተባለው 50 ሚሊ ሜትር እንኳ አልሞላም። «ልጄ፣» አልሁት፣ «በመነጽር ላይ የሚጻፉት ሁለት ቍጥሮች፣ ፊተኛው ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ፣ ኋለኛው የፊቱ መስተዋት ስፋት በሚሊ ሜትር ስንት እንደሆነ የሚናገሩ ናቸው። ኋለኛውን ለፊተኛው ብታካፍለው ወደ ዓይንህ የሚደርሰውን የብርሃን ቀዳዳ ስፋት ታገኛለህ። 42ን ለ8 ብታካፍል 5 ሚሊ ሜትር ከሩብ ይወጣል፤ ይህ ለዓይን ብሌን የተትረፈረፈ ነው። 100ን ለ180 ብታካፍል ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር እንደ ምንም የምታልፍ ቀዳዳ ትቀራለች፤ እርሷም መስተዋቱ እውነት 100 ቢሆን ነበር። በመርፌ ቀዳዳ ስለማለፍ የተባለውን በወንጌል ሰምተሃል።»

ከዚህ ላይ ለአንባቢ ልናገር የምወደው ነገር አለ፤ ብዙ የሚያቀርብ መነጽር ሁሉ ብዙ የሚያሳይ ይመስለናል። ነገር ግን መነጽር ወፏን 10 ጊዜ ሲያቀርብ የእጃችንንም መንቀጥቀጥ 10 ጊዜ ያበዛዋል፤ በ20 ጊዜ ላይ ወፏ እንደ እስክስታ ወራጅ ትርገፈገፋለች፤ በ180 ላይ ስለሚሆነው አልናገርም። በእጅ ለሚያዝ መነጽር 7 ወይም 8 ይበቃል፤ እኔ ራሴ በዚህ ዕድሜዬ ባለ 10 መያዜ ከልማድና ከኩራት በቀር ምክንያት የለውም። የዓይን ብሌንም በጨለማ በወጣትነት እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይከፈታል፣ በቀን ብርሃን ግን ወደ 2 ወይም 3 ይጠብባል፣ ሰው ሲያረጅ ደግሞ በጨለማም ቢሆን እንደ ቀድሞው አይከፈትም፤ ስለዚህ ሽማግሌ ስለ ሌሊት ብሎ 7 በ50 ቢገዛ በማይከፈት በር ሰፊ ሶፋ እንደ ማስገባት ነው።

ቀጥሎ የቀይ ቀለሙን ነገር አነሣሁ። ብርሃን በመስተዋት ውስጥ ሲያልፍ እንደ ድሮ የሲራራ ነጋዴ በየኬላው ቀረጥ ይከፍላል። ምንም ያልተቀባ መስተዋት በእያንዳንዱ ገጹ ላይ ከመቶው ብርሃን 4ቱን ያህል ወደ ኋላ ይመልሳል፤ በመነጽር ውስጥ ያሉት ሌንሶችና ፕሪዝሞች ገጾቻቸው 10 ቢሆኑ ሲሶው ብርሃን በመንገድ ይቀራል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በዬናው ካርል ዛይስ ይሠራ የነበረው፣ በትውልዱ ዩክሬናዊ የሆነው ሊቅ አሌክሳንደር ስማኩላ፣ መስተዋትን በስስ ሽፋን ቀብቶ ቀረጡን የሚያቃልልበትን ጥበብ አገኘ። የደኅና መነጽር መስተዋት ጸጥ ያለ የሐምራዊ ወይም የአረንጓዴ ጥላ የሚያሳየው ከዚህ ሽፋን የተነሣ ነው። እንደ ሮማን የሚቀላው ግን ቀዩን ብርሃን ወደ ኋላ መልሶ ለተላላፊው ሰው የሚያበረክት፣ ለባለቤቱ ግን አረንጓዴ የመሰለ ዓለም የሚያስቀር ነው። «ስለዚህ፣» አልሁት፣ «በመስከረም የመስቀልን ወፍ በዚህ ያየህ እንደሆነ ያ ደማቅ ቀይ ልብሷ እንደ ታጠበ ጥለት ደብዝዞ ይጠብቅሃል።»

ልጁ ፊቱ ወደ ማጥቆሩ ሲያዘነብል አየሁ፤ እኔ ግን አንዴ ከጀመርሁ የማቆም ሰው አይደለሁም። መነጽሩን በክንዴ ልክ አርቄ ወደ ሰማይ አቅንቼ፣ በዓይን መክፈቻው ላይ የሚታዩትን ሁለት ነጫጭ ክቦች አሳየሁት፤ ፕሪዝሙ ከደኅና መስተዋት የተሠራ ቢሆን እንደ ሙሉ ጨረቃ ክብ በሆኑ ነበር፤ የእርሱ ግን ጠርዛቸው ተሸራርፎ አራት ማዕዘን ወደ መሆን ደርሰዋል። የደረቀ ቅርንጫፍ በብሩህ ሰማይ ፊት እንዲያይ አደረግሁት፤ ቅርንጫፉ ግራና ቀኙ ሐምራዊና አረንጓዴ ዘርፍ ተጠልፎበት፣ ለጥምቀት የወጣ ጥላ መስሎ ታየ።

በመጨረሻም የምወደውን ፈተና አስተማርሁት። «አግድም የተዘረጋ የመብራት ሽቦ ተመልከትና መነጽሩን ቀስ እያልህ ከዓይንህ አርቀው። ሁለቱ ጐኖች የሚያሳዩህ ሽቦ በአንድ መስመር ላይ ከሆነ ሁለቱ ዓይኖች ተስማምተዋል። አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ካለ ግን ፕሪዝሙ ተናግቷል፤ ከዚያ ወዲያ ያ መነጽር የራስ ምታት እንጂ ሌላ አይሰጥም። በተለይ የወደቀ መነጽር ያለዚህ ፈተና አይገዛም፤ አይታመንምም።» ይህን ፈተና በማኅበራችን ለሁሉም ያስተማርሁ እኔ ነኝ፤ በሁሉም መነጽር ላይ ስፈትነው ኖሬአለሁ፤ ከአንዲቱ በቀር።

ወጣቱ አመሰገነኝ። ምስጋናው አጭር ነበረ። የዚያን ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ እስከ አዲስ አበባ ድረስ በመስኮት ሲያይ ሄደ፤ በሚቀጥሉት ሁለት እሑዶችም አልመጣም። የባንክ ቤቱ ወዳጄ ስልክ ደውሎለት ኖሮ፣ ልጁ «ጋሼ የኔ ትልቅ ስለሆነ ነው» ማለቱን በስንት ልመና ነገረኝ። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ሲባል በየዋህነት አንድ ሌሊት ይመስለኝ ነበር።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ራሴን ያጽናናሁት በጋሊሌዎ ታሪክ ነው። መነጽር ከመነሻው የክርክር ዕቃ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1608 ሊፐርሄይ የተባለ መነጽር ሠሪ በሆላንድ ሹማምንት ፊት የሩቅ ማሳያውን ባቀረበ ጊዜ፣ እነርሱ ወዲያው ለሁለት ዓይን የሚሆን ሠርቶ እንዲያመጣ ጠየቁት፤ ሰው ከጥንትም በተሰጠው አይረካም። በሚቀጥለው ዓመት ጋሊሌዎ የቬኒስን መኳንንት ደወል ቤት አውጥቶ በራሱ ሥራ ከሩቅ የሚመጡ መርከቦችን ሲያሳያቸው ተደነቁ። እ.ኤ.አ. በ1610 ግን በቦሎኛ ከሃያ የሚበልጡ ምሁራን ተሰብስበው የጁፒተርን ጨረቃዎች ቢፈልጉ አጧቸው፤ በዚያ የነበረ ሆርኪ የተባለ ወጣትም፣ ይህ መሣሪያ በምድር ላይ ተአምር ይሠራል፣ በሰማይ ላይ ግን ያታልላል፣ አንዳንድ ከዋክብት በእርሱ ጥንድ ሆነው ይታያሉ ብሎ ለኬፕለር ጻፈለት። የፓዱዋው ፈላስፋ ክሬሞኒኒ ደግሞ ራሴን ያዞረኛል ብሎ ጭራሹን ማየት እንዳልፈለገ ይነገራል። እኔ በእነዚህ ቦሎኛ ላይ በተሰበሰቡት ሊቃውንት ስስቅ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ አንዱን ኮከብ ሁለት አድርጎ አይቶ ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ መጣል ምን ዓይነት ግትርነት ነው እያልሁ።

የእኛዎቹም ሊቃውንት ከእነዚያ አያንሱም። መነጽር ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ትከሻው የሰፋ፣ ጣሊያናዊው ፖሮ እ.ኤ.አ. በ1854 ባስመዘገበው የፕሪዝም አቀማመጥ የሚሠራ፤ ሁለተኛው ቀጥ ያለ ቱቦ የመሰለ፣ ፕሪዝሙ የቤት ጣራ ቅርጽ ያለው። ትከሻ ሰፊው በርካሽ ዋጋ ደኅና ምስል ይሰጣል፤ ባለ ጣራው ያምራል፣ ለመያዝም ይቀላል፤ ነገር ግን ብርሃኑ በጣራው ላይ ተከፍሎ ተመልሶ ሲገናኝ ስለሚጣላ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ዛይስ ያወጣው ዓይነት ልዩ ሽፋን ካልተቀባ ጥራቱ ይጓደላል። ነገሩ ይህን ያህል ብቻ ሳለ የቲሮሉ ሊቅና ሻምበል በዚህ ላይ የገጠሙት ክርክር ርዝመቱ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ከተደረገው ጉባኤ የሚያንስ አይመስለኝም፤ ያ ጉባኤ እንኳ አንድ ቀን አብቅቷል።

በሦስተኛው እሑድ ወጣቱ ተመለሰ። ሜሪላንድ የምትኖር እኅቱ በመንገደኛ እጅ የላከችለትን፣ ጥቁርና ትሑት፣ ምንም የማያብለጨልጭ ባለ 8 በ42 መነጽር ይዟል። «ጋሼ፣ በሽቦው ፈትኜዋለሁ» አለኝ። አየሁበት፤ ክዳኑም ተነሥቶ ነበር፤ ግሩም ነበረ፤ ግሩም መሆኑንም ነገርሁት። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ ይህኛው ግን ከመከራ በፊት ተመክሯል። ከእርሱ ጋር የ7 ዓመት ሴት ልጁ መጥታለች።

ወደ ገፈርሳ ሄድን። ከውኃው ዳር ባለው ሣር ላይ አንዲት ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ለብቻዋ ቆማለች፤ ይህች ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም የማትገኝ ወፍ፣ ስትቆም አንገቷን ወደ ኋላ አጋድማ በጀርባዋ ላይ የማሳረፍ ልማድ አላት። እኔም ልጅቱን አጠገቤ አስቀምጬ መነጽሬን ሰጠኋትና፣ «ምን ታያለሽ የኔ ልጅ?» አልኋት።

ልጅቱ ብዙ ጊዜ ወስዳ አየች። «አባባ፣» አለችኝ፣ «ዝይዋ ዝይ ተሸክማለች።»

«አይደለም ልጄ፣ አንገቷን በጀርባዋ ላይ አሳርፋ ነው።»

«አንገቷንማ አሳርፋለች። ላይ ያለችውም አንገቷን አሳርፋለች።» ከዚያም መነጽሩን ወደ ግራ አዞረችና፣ «ዛፉም ዛፍ ተሸክሟል፤ ያ ሰውዬም ሰውዬ ተሸክሟል» አለች።

ሳቄ መጣ፤ ወደ ጓደኞቼም ዘወር አልሁ። ግን ማንም አይስቅም። የቲሮሉ ሊቅ የማኅደሩን ቁልፍ ይፈታል፣ ይቆልፋል። ወጣቱ የጫማውን ክር ለማሰር ጐንበስ ብሏል፤ ጫማው ግን ክር አልነበረውም። የባንክ ቤቱ ወዳጄ ግድቡን ሊገዛው እንዳሰበ ሰው አተኩሮ ይመለከታል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልሁት።

«ከደብረ ሊባኖስ መልስ» አለኝ፣ ዓይኑን ከውኃው ሳያነሣ።

«11 ዓመት ሙሉ! ለምን አልነገርኸኝም?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ያን ዕለት ምንም አልሆነችም ብለው እግዚአብሔርን አመስግነው ነበር። ከምስጋናው በኋላ ምን ብዬ ልናገር?»

«እሺ፣ ለምን ሁለት ሁለት አድርገህ ትቆጥራለህ?»

«ያየሁትን ነው የቆጠርሁት። ብሳሳት ይነግሩኛል ብዬ ነበር፤ እርስዎ ግን ዝም ብለው ይጽፉ ነበር።»

እንዴት እኔ አንድ ብቻ አየሁ? ይህን የፈታልኝ በዚያው ሳምንት የሄድሁበት የዓይን ሐኪም ነው። ቀኝ ዓይኔን ሸፍኖ በግራው ፊደል እንዳነብ ሲጠይቀኝ፣ ፊደል ቀርቶ ሰሌዳው የተሰቀለበትን ግድግዳ አላገኘሁትም። የግራ ዓይኔን ሞራ ሸፍኖታል፤ ቀስ በቀስ ስለመጣ አልታወቀኝም፤ ይህን ያህል ዘመን በሁለት ዓይን መነጽር ስመለከት የኖርሁት በአንድ ዓይን ኖሯል። ስለ ጉድፍና ስለ ምሰሶ የተጻፈውን ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ በሐኪም ማስረጃ ተደግፎ ይመጣብኛል ብዬ ግን አልጠረጠርሁም። የፊቱ ክዳን ሳይነሣ «ግሩም ነው» ባለው ሰው ላይም ስቄአለሁ።

ሞራው በቀዶ ጥገና ተገፈፈልኝ። ፋሻው በተነሣ በሳምንቱ መነጽሬን ይዤ ወደ በረንዳ ወጣሁ፤ ከጐረቤቴ ጣራ ላይ ሌላ ጣራ፣ ከቁራውም ጀርባ ላይ ሌላ ቁራ ቆሞ አየሁ። ዕለቱን ፒያሳ ወዳለ አንድ ሽማግሌ የካሜራ ጠጋኝ ወሰድኋት። ፈትቶ አቃናት፣ በውስጧም የበቀለውን ሻጋታ ጠረገላት፤ መልሶ ሲሰጠኝም፣ «አባቴ፣ ይህን ያህል ዘመን በዚህች ምን ያዩባት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ወፍ አልሁት።

አሁን የ11 ዓመቱን ማስታወሻ ደብተሮች አውጥቼ ቍጥሮቹን ለሁለት እያካፈልሁ ነው፤ 2008 ዓ.ም. ላይ ደርሻለሁ። ነገር ግን የባንክ ቤቱ ወዳጄ ሰሞኑን መጥቶ፣ አንዳንድ እሑድ ኅሊናው እየወቀሰው ቍጥሩን ራሱ አጋምሶ ይነግረኝ እንደ ነበረ ተናዘዘልኝ፤ የትኞቹ እሑዶች እንደ ሆኑ ግን አያስታውስም። ስለዚህ በ2008 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር የመጀመሪያው እሑድ ከቀትር በፊት በገፈርሳ ግድብ ዳር የነበረ፣ በዚያም የቆሙትን ዝዮች በገዛ ዓይኑ የቆጠረ አንባቢ ቢኖር፣ 14 ወይስ 7 እንደ ነበሩ፣ ሳያፍርና ሳያሳፍር፣ እንዲነግረኝ እለምናለሁ።